የእናቴ ደረቅ ብሩሽ

እናቴ በቆሎ ስትበላ ያላየ ሰው፣ በቆሎ ሲበላ አይቻለሁ ብሎ አያውራ። ጥብሱን በሁለት እጇ ትይዝና ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ሁለት ሁለት ረድፍ እየጠረገች ትሄዳለች፤ አንዲት ፍሬ አትቀርም። ልጆች ሳለን ከወንድሜ ጋር እንወዳደራት ነበር። እኛ ግማሹ ላይ ሳንደርስ እሷ ባዶውን ቆረቆንዳ ፊታችን ታስቀምጥና «ጥርስ ማለት ይሄ ነው!» ትለናለች። ያደገችው ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ጀርባ ነው፤ በወይራ መፋቂያ የተፋቀ ጥርሷን ይዛ ነው ጉለሌ የወረደችው። ኩራቷም እሱ ነበር።

እና አምና፣ ከሐምሌ ሃያ ወዲህ ባለው አንድ ማምሻ፣ ከታክሲ ወርጄ የገዛሁላትን ትኩስ በቆሎ ስሰጣት ቢላዋ አነሳች። ቢላዋ! ፍሬውን ሳህን ላይ እየፈለፈለች ታወርደው ጀመር።

«ምነው እማዬ፣ ሠርግ ቤት ነው እንዴ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«እንዲሁ ነው፤ ዕድሜ ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ሞክራ፣ አንድ ሁለቴ ገምጣ የተወችውን ጫፍ ደግሞ «አንቺ ጨርሺው፣ ያንቺ ጥርስ ደህና ነው» ብላ ሰጠችኝ።

ተቀብዬ ልገምጥ ስል ቀይ ነጥብ አየሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጣቴን መርፌ ሲወጋኝ ነጭ ሸሚዝ ላይ የምትወድቀውን ጠብታ ሳጥብ ነው የኖርኩት፤ ደም የትም ቦታ ላይ ቢሆን ለይቼ አውቀዋለሁ። ተነሳሁና መታጠቢያ ቤት ገባሁ። የጥርስ ብሩሿ ኩባያው ውስጥ ቆሟል። ዳሰስኩት። ድርቅ ያለ ነው። ጸጉሩ እንኳ አልተጣመመም፣ ከሱቅ እንደመጣ ነው። ያን ብሩሽ የገዛሁላት ዓመት ሊሞላው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጠባዬ እውነቱን ልናገር። እኔ ክረምት ሲሆን ሰው አይደለሁም። ሱቄ ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ናት፤ አንድ ማሽን፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ በቃ። ከሐምሌ እስከ መስከረም የሰፈሩ ወላጅ በሙሉ የዩኒፎርም ጨርቅ ተሸክሞ ይመጣብኛል። አንዷ «ነገ ይደርሳል?» ትላለች፤ ሌላዋ «እጅጌው ረዘመ» ትላለች፤ ሌላው ደግሞ «ልጄ እስከ መስከረም ያድጋል፣ ሰፋ አድርጊው» ይለኛል፣ ልጁ ሊጥ ይመስል። አፌ በስፒል እንደተሞላ እመልስላቸዋለሁ፣ ክሩን በጥርሴ እበጥሳለሁ፣ በመሀል ያገኘሁትን ሰው እቆጣለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስለ እኔ ስታወራ «ልቧ ደህና ነው፣ አፏ ነው እንጂ» ትላለች። ውሸቷን አይደለም።

ብሩሹን ይዤ ወጣሁና ፊቷ ላይ አወዛወዝኩት። «ይሄ ምንድን ነው? ዓመት ሙሉ አፍሽን ሳትታጠቢ ነው የከረምሽው? በስመ አብ! ሳትፋቁ ትምህርት ቤት አትሄዱም ብለሽ በር ላይ ትቆሚብን የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። ይህን ማድረግ ከጀመረች ቆይታለች፤ ስታወራ፣ ስትስቅ፣ ሰው ሲጠጋት ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። የልጄን ጉንጭ መሳም ትታ ግንባሯን በእጇ ነክታ እጇን ትስማለች። እኔ ሞኟ ደግሞ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቆራቢ ሆናለችና መንፈሳዊነት ነው ብዬ ነበር።

«ስታጠብ ይደማል» አለችኝ ከነጠላው ስር።

«ይድማ! ቢደማስ?»

«ከደማሁ አልቆርብማ።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቁርባን የሚቀበል ሰው ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም አፉ አይገባም፤ በቀኑ ደግሞ ከሰውነቱ ደም የሚወጣ ሰው አይቀርብም። ከቆረበ በኋላም ቀኑን ሙሉ ምራቁን አይተፋም። ይሄን ማንም ያውቀዋል። እናቴ ግን ከዚህ ተነስታ የራሷን ብልሃት አበጀች። ብሩሽ ድድ ያደማል፤ ደም ከቁርባን ያስቀራል፤ እንግዲያው ብሩሹ ይቅር። እና ብሩሹ ቀረ። ደሙ ግን አልቀረም።

ደሙ መጀመሪያ ከምን እንዳስቀራት ደግሞ ያን ማምሻ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አባቴ ያረፈው ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ቀን ነው። በሕይወት ሳለ በየዓመቱ «አብረን እንቆርባለን» ይላታል፤ በየዓመቱ ደግሞ ሲደርስ «ለከርሞ» ይላታል። ከርሞ ሳይደርስ ሄደ። ከቀበረችው በኋላ በዚያች ቀን በየዓመቱ እቆርባለሁ፣ አንተ ያልደረስክበትን እኔ እደርስልሃለሁ ብላ ቃል ገባችለት። ካቻምና ግን አልቆረበችም። ከኋላ ቆማ አይቻታለሁ፤ እግሯን አሟት ይሆናል አልኩና ዝም አልኩ። ለካ ያን ሌሊት ድዷ ደምቶ ደሙን ጠዋት ትራሷ ላይ አገኘችው። ሴቶቹ ደግሞ እርስ በርስ «ምን አግኝቷት ነው ከቁርባን የራቀችው?» ሲባባሉ በጆሮዋ ሰምታለች።  ያን ሁሉ ብቻዋን ይዛው ከርማለች።

«አምና ቀረሁ» አለችኝ። «ዘንድሮም ብቀር ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

የምትነግረው የሞተውን ሰው ነው።  ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አልኳት።

በማግስቱ ሱቄን ዘጋሁ፤ በክረምት እምብርት! ጥላ ይዘን፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ «አንወርድም፣ እንመለስ፣ ጥርሴን ይነቅሉኛል» እያለች ክሊኒኩ ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ከእናቴ አነጋገር ይሁን ከምን እንጃ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነች ወዲያው ገባትና በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። እናቴ የምትናደደው በኦሮምኛ፣ የምትጸልየው በአማርኛ ነው፤ የሚያስፈራትን ነገር በየትኛው እንደምትናገር ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ፊቷ ፈታ አለ፣ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ነጠላዋን ግን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሐኪሟ ቀስ ብላ እጇን ያዘችና «እማማ፣ ካላየናት አታየንም ብለው ነው እንዴ ጥርሶችዎ የተደበቁት?» አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ በሳቁ መሀል ነጠላዋ ወረደ።

ስኳር እንዳለባት ጠየቀቻት፣ የምትወስደውን መድኃኒት ጠየቀቻት፣ ከዚያ በትንሽዬዋ መስታወት አንድ በአንድ አየቻት። እናቴ በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች። የላይኛው ድዷ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ስትስቅ ጥርሷ በዚያ ላይ ሲታይ ያምራል። ያኔ ንቅሳት ውበት ብቻ አልነበረም፣ ድድ ያጠነክራል ተብሎም ነበር የሚነቀሰው። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ «የሌላ ሰው ድድ ሲቆጣ ይቀላል፣ ቤተሰብ ያየዋል። የእናትሽ ንቅሳት ቅላቱን ሸፍኖት ነው የከረመው» አለችኝ። የማላየውን ነገር ባለማየቴ ልታጽናናኝ ነው መሰለኝ። እኔ ግን ትራሷን የማጥበው እኔ አይደለሁ? አላየሁም ልበል እንዴ? የሻይ ነጠብጣብ መስሎኝ በበረኪና ስለቀልቅ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ለእናቴ አስረዳቻት። ደሙ የሚመጣው ከብሩሹ አይደለም። በጥርስና በድድ መሀል የሚቀረው ቆሻሻ ካልተጠረገ እየደደረ ድድን ያስቆጣል፤ የተቆጣ ድድ ይደማል፤ ይደማል ብለው ሲተዉት ቆሻሻው ይጨምራል፣ ደሙም ይጨምራል። ከኋላ አንዲት መንጋጋ ስሯ ተላቅቆ ትነቃነቃለች፣ እሷ መውጣት አለባት። ሌሎቹ ግን ይተርፋሉ፤ እዚሁ ክሊኒክ በመሣሪያ ይታጠቡና ከዚያ ጠዋትና ማታ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይጫኑ፤ ለብ ባለ ጨው ውሃም መጉመጥመጥ። መፋቂያውንም ቢሆን አትጠላውም፤ ጫፉ ተኝኮ ከለሰለሰ ይሁን አለች። መጀመሪያ ይደማል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

እናቴ በጣቷ ቆጠረች። «እስከ አሥራ ስድስት ይቆምልኛል?»

«ቃል አልገባልዎትም እማማ። ከጀመሩ ተስፋ አለ። ካልጀመሩ ግን አይቆምም።»

 ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል በሚመስል ድምፅ፣ አፏን መሸፈን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀቻት። እናቴ አየት አደረገችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ መለሰችላት። የእኔ ኦሮምኛ ሸጎሌ በግ ተራ ወርዶ ለመከራከር ያህል ነው፤ ያን ያለችውን ግን ሰማሁት። «ልጄ ‹አፍሽ ይሸታል› ካለችኝ ጀምሮ ነው» አለቻት።

መቼ ነው ያልኩት? ብዬ ልጮህ ነበር፤ አፌን ሳልከፍት ትዝ አለኝ። ካቻምና ሐምሌ ነው። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ ማሽኑ ክር እየበጠሰብኝ ነው፣ አፌ ውስጥ ስፒል አለ። እናቴ ከቤት ድረስ መጥታ፣ በሰዎቹ መሀል ተሽሎክሉካ ገብታ፣ አንድ ነገር ልትነግረኝ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። እኔ ደግሞ ቀና እንኳ ሳልል «እስኪ ራቅ በይ እማዬ፣ አፍሽ ይሸታል» አልኳት። ጮክ ብዬ። አንዲት ደንበኛ ሳቀች። እናቴ ወጥታ ሄደች፤ እኔም ማታ ላይ ረስቼዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ረሳሁት እንጂ ቃሉ እሷ ጋ ቀርቷል። ያን ማታ ቤት ገብታ ጠንካራ መፋቂያ ይዛ ድዷን ፈገፈገችው። በነጋታውም፣ በሳልስቱም። ሽታ ነው የሚወጣው ብላ፣ እስኪደማ፣ ደሙን እየዋጠች ፈገፈገችው። ነሐሴ አሥራ ስድስት የደረሰው በዚያ መሀል ነው። ከቁርባን ከቀረች በኋላ ነው ሁሉንም እርግፍ አድርጋ የተወችው።

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም፤ አፈርኩ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

ሐኪሟ ይህን አይታ ይሁን ሳታይ «አንቺም እስኪ ተቀመጪ» አለችኝ።

«እኔ ምን ሆኜ? እናቴን ነው ያመጣሁት።»

«ስትናገሪ ያየሁት ነገር አለ፣ ተቀመጪ።» ተቀመጥኩ። የፊት ጥርሴን በመስታወቷ ነካ ነካ አድርጋ «ልብስ ሰፊ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ከላይ ያሉት ሁለት ጥርሶቼ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቦታ ተቦርቡሯል። ለካ ሃያ ዓመት ክር የበጠስኩበት ጥርስ ጠባቧን በር ሠርቶ ይዟል። «መቀስ የላችሁም?» አለችኝ። እናቴ ከጎን ሆና በሳቅ ፈነዳች፣ ነጠላውም ትዝ አላላትም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» አለች። ይበለኝ! በዚያ ቀን የፈለገችውን ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቢሆንም እናቴ በዚያው ቀን ጥርሷን ክሊኒኩ አልታጠበችም። የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አይሆንም አለች። አሁን ከታጠበች ፍልሰታን በደም ልትገባው ነው፤ ካልታጠበች ደግሞ ምናልባት አሥራ ስድስት ዕለት አይደማ ይሆናል፤ ምናልባት። በዚህች ምናልባት ላይ ልቧን ጥላለች። እኔ ልቆጣ ቃጣኝና ምላሴን ነከስኩ።

የንስሐ አባታችን በዕድሜ ከእናቴ ያንሳሉ፤ ቢሆንም እሳቸው «ልጄ» ይሏታል፣ እሷም «አባቴ» ትላቸዋለች። ከሁለት ቀን በኋላ ቤት መጡ። ዳቦና ሻይ አቀረብኩላቸው። እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የእኔን ስድብ ብቻ ዘለለችው። እሳቸው ዳቦውን ቀስ እያሉ፣ በአንድ ጎን ብቻ እያኘኩ ሰሟት።

«ስትደሚ አትቀርቢም፣ እሱ ልክ ነው» አሏት። «ከቁርባን እንዳልቀር ተብሎ ግን በሽታ አይደበቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? ታከሚ። በጾሙም ተጉመጥመጪና ትፊው። ለዘንድሮ ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ቅዱስ ቁርባኑ የትም አይሄድም። ባልሽም ያለው እግዚአብሔር ዘንድ ነው፣ አይቸኩልም።»

እናቴ እንባዋ መጣ፤ መስቀላቸውን ተሳለመች። ልሸኛቸው በር ድረስ ስወጣ አባ ጥላቸውን እየዘረጉ ግራ ቀኝ አዩና «ክሊኒኩ የት ነው ያልሽኝ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ያ በአንድ ጎን ማኘክ አሁን ገባኝ። ወስጄ አሳይዎታለሁ አልኳቸው።

እናቴ ሐምሌ ሃያ ሰባት ክሊኒኩ ተመልሳ ጥርሷን ታጠበች፤ መንጋጋዋም ወጣች። «ስጡኝ፣ የእኔ ናት» ብላ ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ይዛ መጣች። ግቢ ስንደርስ ልክ ልጅ ሆነን እንደምናደርገው ቆርቆሮው ላይ ወረወረቻት። ኳ ብላ አረፈች። «ሌላ እንደማይበቅልልሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አልኳት። ጉንጯ አብጧል፣ መናገር አልቻለችም፤ በእጇ ዝም በይ አለችኝ።

ነሐሴ ገባ። የእናቴ ዓይን ቅርብ ነገር አያይላትም፤ መስታወት ፊት ብትቆምም ድዷን አትለየውም። ስለዚህ ዳኛዋ እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ልብሴን ሳልለብስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ እኔ የስልኬን መብራት አበራለሁ። ከዩኒፎርም ሸሚዝ የተረፈ ነጭ ፖፕሊን ቆራርጬ አዘጋጅቻለሁ፤ በሱ ድዷን ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ።

«ደም አለ?» ትለኛለች አፏን እንደከፈተች።

በመጀመሪያው ቀን ነበረ፣ በደንብ ነበረ። በሁለተኛውም። ልዋሻት አልፈለግኩም ብል ውሸት ነው፤ በስድስተኛው ቀን የተረፈችው አንዲት ነጥብ ነበረች፣ የለም ብላት ማን ያውቃል? ግን ይቺ ሴት አፏን ከፍታ የተቀመጠችው ለእኔ ነው። አፍሽ ይሸታል ላልኳት ለእኔ! እንዴት እንዳመነችኝ እንጃ። «አለ እማዬ፣ ትንሽ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች፤ ነጠላዋን ለብሳ ሄዳ ከኋላ ቆማ ታስቀድሳለች። ማታ ማታ እኔ እየቆምኩባት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫን ትታጠባለች። ጨው ውሃውን አዘጋጅላታለሁ። እሷ ደግሞ ትንሽዬ መቀስ በጥብጣብ አስራ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ፤ ክር ወደ አፌ ባስጠጋሁ ቁጥር «ኧኧኧ!» ትለኛለች፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጨርቁ ነጭ ወጣ። በአሥራ ሦስተኛውም፣ በአሥራ አራተኛውም። ሂጂ ቁረቢ አልኳት፤ «ቀኑን እጠብቃለሁ፣ ቃሌ ለቀኑ ነው» አለችኝ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ጨርቁ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ። ወይኔ! ለነገው ይጥራልኝ ብላ ማታ እኔ ሳላያት ደግማ ታጥባ፣ ተጭናው ኖሯል።  ማታ ብሩሹን ከእጇ ተቀብዬ እኔው አጠብኳት፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ በኋላ አፏ ምንም አልነካም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ገና ጎህ ሳይቀድ መጥታ ተቀመጠች። ነጭ በነጭ ለብሳለች። ትራሷን አይቼው ነበር፣ ንጹሕ ነው። መብራቱን አበራሁ። ላይኛው ድዷ ላይ፣ የፊት ጥርሷ ስር፣ ጥቁር ነጥብ አየሁ። የደረቀ ደም ይሁን ንቅሳቱ ይሁን መለየት አቃተኝ።  ጨርቁን አስጠጋሁ፣ ያቺ ነጥብ ላይ ጫን አልኩና ያዝኩት።

«ደም አለ?»

 ጨርቁን አነሳሁና መብራቱ ስር ገለበጥኩት። አገላብጬ አየሁት። ነጭ ነው። እንደገና ጫንኩት። ነጭ ነው።

«የለም» አልኳት። «የለም እማዬ። ንቅሳትሽ ነው።»

ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ እንደማይታያት አውቃለሁ። ከዚያ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ያን ቀን ከፊት ተሰልፋ፣ ከሕፃናቱ ኋላ፣ ስትቆርብ ቆሜ አየኋት። ተመልሳ ስትመጣ እንደማንኛውም ቆራቢ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። የዚያን ዕለት መሸፈኗ ግን አላስከፋኝም።

በማግስቱ ሱቅ ነበርኩ። ከበዓሉ በኋላ ሰው እንደ ጉድ መጥቷል፤ አዝራር የሚተክልልኝ እጅ ብቻ ነው የጎደለኝ። ስፒሎቼ እጄ ላይ ባሰርኳት ትንሽዬ የመርፌ ትራስ ላይ ተሰክተዋል፣ መቀሴ አንገቴ ላይ ነው። እናቴ በር ላይ ታየች። በደንበኞቹ መሀል ተሽሎክሉካ ገባችና፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ ጉንጬን ነካኝ። ምንም አይሸትም፤ ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ማሽኑን አቆምኩ።

«እማዬ፣ አምና እንዲህ ጎንበስ ብለሽ ልትነግሪኝ የነበረው ምን ነበር?» አልኳት ቀስ ብዬ። ብዙ ቀን ልጠይቃት ፈልጌ ፈርቼው ነበር።

አሰበች። ቂም የሌለበት ፊት ነው ያላት።

«ድዴ ይደማል፣ ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ ልልሽ ነበር» አለችኝ። «ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው በጆሮሽ።»

ክሩ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ተነሳሁና በሰው ፊት አቀፍኳት። አንዷ ደንበኛ «የልጄ ሱሪስ?» አለች። ይቆያል አልኳት፤ እናቴን ይዤ በቆሎ ጠባሿ ጋ ወጣሁ። የገዛሁላትን ጥብስ ቀስ ብላ፣ በግራ በኩል፣ በራሷ ጥርስ ጨረሰችው።